ምስማር ነቃዩ

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ያ ትልቁ ሙዚየም፣
ቋሚው አዳራሹ የእኔ ድርሻ አይደለም።
እዚያ ያሉት ሥዕሎች ርስተኞች ናቸው፣
አቧራ ነው እንጂ ሰው አይነካቸው።
የእኔ የቀኝ ክንፉ ነው፣ የእንግዳ ማረፊያው፣
በየሦስት ወሩ ልብሱን የሚለውጠው።
ስንቴ ተድሮ፣ ስንቴ ተፋትቶ፣
ግድግዳው ቆሟል ዛሬም ነጭ ተቀብቶ።

ሰቃይ ነኝ። ነቃይም ነኝ።
መዶሻ፣ ጉጠት፣ ውሃ ልክ፣
ጆሮዬ ላይ የአናጢ እርሳስ።

በጥቅምት ብራና መጣ፤ መላእክት በሣጥን፣
ዓይናቸው እንደ በሰለ አጋም ጥቁርና ትልቅ።
አንዱን ዘቅዝቄ ልሰቅለው ስል አፈጠጠብኝ፤
«ይቅር በለኝ» አልኩት፤ ዝም አለኝ።
የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ መብራት አላጠፋሁም፣
ፈርቼ አይደለም፤
እነሱ ሳይተኙ እኔ ምን ብዬ ልተኛ?

በጥር ፎቶግራፍ፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካው፣
ሴቶቹ በሰልፍ፣ ብናኝ በጠጉራቸው።
አንዲት ተማሪ መጥታ አክስቷን አገኘች፣
«ሽበት መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ሱፍ ነው» አለች።
ከዚያ ወዲህ እኔም የራሴን ሽበት
በመስታወት ሳየው እፍ እላለሁ፣
ምናልባት ቢበን።

በሚያዝያ ያ የጣርማበሩ ልጅ፣ አቤኔዘር፣
ጉም ብቻ የሣለው፤ ሠላሳ ሸራ ጉም።
ከተሜው ሳቀ።
«ሥዕሉስ? መቼ ነው የሚመጣው?»
ብሬን መልሽ ባዩ በዛባት ለትኬት ቆራጯ።
አንድ የአይሱዙ ሹፌር፣ ፎጣ አንገቱ ላይ፣
ከሰባተኛው ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ፤
ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ፣ ፍሬን እንደሚይዝ።
«እቺ ኩርባ ናት» አለ። «እቺው ናት።»
ቆቡን አወለቀ።
ማን እንደቀረበት አልጠየቅሁም።

በሐምሌ የመንዝ ባና፣
ጥቁርና ቡናማ፣ በዘንግ ተወጥሮ፣
ከሥሩ የታተመ ወረቀት፦
«የበግ ጠጉር። ሸማኔው ያልታወቀ።»
ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ
ወይዘሮ በለጥሻቸው ከመሐል ሜዳ መጡ፣
የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ ጫማቸው ጭቃ።
ዞሩ፣ ዞሩና ከአራተኛው ቆሙ።
ጣታቸው ገመዱን አለፈ።

«እማማ፣ እጅ አይነካም» አልኩ፤ እንጀራዬ ነው።
«ሠላሳ ዘመን የተኛሁበትን?
ይቺን እራፊ እያት፣ ፍም ወድቆባት ነው፣
የጣፍኳት እኔ ነኝ፣ በኩራዝ፣ ስድስተኛዬን አርግዤ።
ልጅ ነው የሸጠው። ይሁን።
ግን ምን ይላል ይሄ ወረቀት?»
ልጅቷ አነበበች። አንዴ። ደግማ።
«ያልታወቀ?
መንዝ የሚያውቀው ደምሰው
ደብረ ብርሃን ሲደርስ ያልታወቀ ሆነ?»

ካሜራው ከላይ ያያል።
ፊቴን አዞርኩ፣ የውሃ ልኬን የማይ መስዬ፤
አረፋዋ መሐል ላይ አልቆም አለች።
ከኋላዬ ጠጉር ላይ የሚሄድ መዳፍ ይሰማኛል፣
ዝናቡም ነበር።

ማታ እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ።
የታተመውን አልሠረዝኩም፣ የመንግሥት ወረቀት ነው፤
ከጎኑ ጻፍኩ፦ «ደምሰው ይሉታል።»
ሳምንት ሙሉ ማንም ልብ አላለ።
በስምንተኛው ቀን ከሥሩ ሌላ እጅ፣ በእስክሪብቶ፦
«አንካሳው ደምሰው? እሱማ አጎቴ ነው።»
ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፣
ጆሮዬን አየች፣
አለፈች።

ዛሬ ጳጉሜን ነው፤ ምስማር እየነቀልኩ ነው።
ቀዳዳውን በስቱኮ እደፍናለሁ፣ እቀባለሁ፣
የአራተኛው ግን ስቱኮ አልይዝ ብሎኛል፣
ወይ እጄ ሰንፏል።
አዲስ ሣጥን ገብቷል ከባሕር ማዶ፣
«ይህ ወገን ወደ ላይ» የሚል ቀስት ያለበት፤
ቀስቶቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።
እስቲ ጉጠቱን አቀብሉኝ።