ባለ ሦስት መሳቢያ

ዒድ ሲቃረብ ማናማ ቤቷን ስታሰናዳ፣
አሮጌው ዕቃ ሁሉ ይወድቃል ከሜዳ፤
ሶፋው ሆዱ ታይቶ፣ ወንበሩ አንክሶ፣
ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ እንደታመመ ሰው ግንብ ተንተርሶ።

እኔና ዘቢባ፣ ስድስት ሰዓት አልፎ፣
ዘበኛው ራሙ በወንበሩ አንቀላፍቶ፣ ከበሩ ተደግፎ፣
ወረድን በደረጃ፣ ጫማችን በእጃችን።
ለመስረቅ አይደለም፤
ሰው የጣለውን ማንሳት ነው ሥራችን።
ቢሆንም ያፍራል ሰው፤
የተጣለ ሲያነሳ ቀና ብሎ አያይም፣
ጎንበስ እንዳለ ነው የሚያማርጠው።

መጀመሪያ ያየሁት በመንገድ መብራት ሥር፣
ነጭ ኮመዲኖ ነው፣ የቆመ በሦስት እግር።
«ሞቷል» አለች ዘቢባ፣ በጫማዋ ገፋ አድርጋ፤
አንኳኳሁት ጎኑን፤
ዋንዛ ዋንዛ አለኝ፣ ዋንዛ በነጻ ዋጋ።

ሊፍቱ ከቆመ ወር፣ ፎቁ ደግሞ አራት፤
እሷ ከላይ ስባ፣ እኔ ከታች ገፍቼ፣ አስገባነው እቤት።

ቤት ማለቴ፣ ያው፣
አንድ ክፍል ለስድስት፣ በመጋረጃ ተከፍሎ፣
የእኔ ድርሻ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚስማር ግድግዳው ላይ ተተክሎ።
አራት ዓመት ሙሉ ልብሴ ያደረው በሻንጣ፣
ሁልጊዜ ነገ እንደሚሄድ፣
ሁልጊዜ ዛሬ እንደመጣ።

ጁምአ ሥራ የለም። ጋዜጣ አነጠፍን።
ዲናር ተኩል ነበረን፤ ሳንቲሟን አሰለፍን።
ብርጭቆ ወረቀት በሁለት መቶ ፍልስ፣
ኮላ በሦስት መቶ፤
ቀለሙን ሱሞን ሰጠን፣ ቀለም ቀቢው፣ እንዲያው ለነፍስ፤
የክሊኒክ ግድግዳ ቀብቶ የተረፈው አረንጓዴ።
ትርንጎ ሳቀች፦ «ልብሳችን ሊታከም ነው እንዴ?»

ልብስ ሰፊው አንዋር ቁርጥራጭ በከረጢት ሰጠን፣
የሙሽራ ሐር፣ የአባያ ጠርዝ፣ እየመረጥን ቆረጥን፤
የትራስ ልብስ ወጣው። የወተት ጣሳውን በክር ጠመጠምነው፣
የሽቶ ጠርሙስ ክዳን፣ ወርቃማ ወርቃማውን፣
የመሳቢያ እጀታ አደረግነው።
ከቴምር ካርቶን ደግሞ ፋኖስ ሠርተን፣ ሊያቃጥለን ነበር፤
እሱ ይቅር፣ አይነገር።

ነጩን ቀለም ስፍቅ፣ ከላይ፣ ከጥጉ ዳር፣
ጣቴ ቆመ፦ ጥቁር ምልክት፣ የካውያ አፍንጫ ነበር።
ይህን ጠባሳ አውቀዋለሁ።
እኔ ነኝ የተኮስኩት።
ሪፋ ማዳም ቤት ሳለሁ፣ የመጀመሪያው ዓመት፣
ዐሥር ዲናር ከደመወዜ የተቆረጠበት።

ከሪፋ እዚህ ድረስ በማን መኪና መጣ? እንጃ።
ዕቃም ይሰደዳል፤
ቀለም ይቀቡታል፣ ስም ይለውጡለታል፣
እግሩ ሲሰበር ደግሞ ይጥሉታል ከደጃ።

ሁለት ዓመት ወልውዬዋለሁ በየጠዋቱ፣
ውጪውን ብቻ። ለእኔ አይፈቀድም ነበር መክፈቱ።
ከላይኛው መሳቢያ፣ ከወርቋ ደረሰኝ ጋር፣
ፓስፖርቴ ነበር።

ብርጭቆ ወረቀቱ ዝም አለ በእጃችን።
«እንመልሰው?» አለች ዘቢባ።
«ወዴት?»
አምጪ ካቻቢቴ።

ነቀልኩት መቆለፊያውን። ሳብኩ። ባዶ።
አንድ የፀጉር ሽቦ፣ የሽቶ ሽታ፣ አቧራ።
ምን ጠብቄ ነበር? አላውቅም።
ግን እጄ ውስጡን ዳበሰ፣ እስከ ጥጉ፣ ደጋግሞ፣
እንደ ዕውር ሰው፣ ግራ ቀኝ፣ ቀኝ ግራ።

ሁለቱን መሳቢያ ልብሴ ገባባቸው፣
ሻንጣዬ ጎደለች፣ ሆዷ ተነፈሰ።
ሦስተኛውን ግን ጨርሼ አወጣሁት፣
ታቹን በሚስማር በስቼ፣ አፈር ሞልቼ፣ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፤
ናና ተከልኩበት።
«በዚህ ሙቀት?» አሉኝ። ግማሹ ደረቀ፣ እውነት ነው።
ግማሹን ትናንት በሻይ ጠጣነው።

ጠባሳውን አልቀባሁትም።
ዐሥር ዲናር ከፍዬበታለሁ፤ የኔ ነው።
ቁልፉ ግን እሷ ጋር ነው፣
ከቦርሳዋ ሥር፣ ከሌሎቹ ጋር ሳይንቃጨል አይቀርም፤
ትያዘው።