ስሙኒ

ሰደፉን ደሴ ወስጄ በዋንዛ አስቀርጬ፣
ለመነጽሩ ስል ሁለት ወይፈን ሸጬ፣
ማንገቻው ባለዛጎል፣ ቃታው የተሞረደ፣
ኩታበር ስገባ ያየኝ በቅናት ነደደ።

ሙሄ ግን ማታ ማታ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጦ፣
ባዶ ምንሽሩ አፈሙዝ ላይ ስሙኒ አስቀምጦ፣
ትንፋሹን አጋምሶ ይስባል፦
ቀጭ።
ስሙኒዋ አልወደቀችም።
ደግሞ ቀጭ።
«ጥይት አጣህ እንዴ?» ብዬ ስቄበት አለፍኩ።

በእህቱ ሰርግ ቅል ሰቀሉ፣ ከገደሉ ማዶ።
በመነጽሬ ቅሉን ከነገመዱ አየሁት፤
የልቤን ምት ግን አላየሁም፣
ቃታውን ነጨሁት።
አቧራ ጨሰ፣ ከቅሉ በላይ፣ ከሰው ሳቅ በታች።

ሙሄ ተንበረከከ።
ያው የማታው ቀጭ መሰለኝ፤
ቅሉ ተበተነ።

ዛሬ ሲመሽ ከአጥሩ ጥግ ሄድኩ፣ እያፈርኩ፣
ሁለት ወይፈን የሸጥኩት ሰውዬ፣
«አንድ ስሙኒ አበድረኝ» አልኩ።