አሥራ አንድ ገመድ

ነሐሴ ሲገባ እጄ አያርፍልኝም፣
ቁልፌን ካልዳበስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።
መጋዘኗ ጠባብ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣
ያቺው ነበረች አምና፣ ያቺው ናት ዘንድሮ።
ማታ ማታ እቆጥራለሁ፦
አሥራ ሁለት ገመድ፣ አንዱ ሠላሳ ሜትር፣
ሦስት ቃሬዛ፣ ሃያ ፊሽካ፣ አንድ የድምፅ ማጉያ፤
ይኼ ነው የኛ ጦር።

በቀደም ኦዲተር መጣ በጠራራ፣
መዝገቤን ገለጠ ገጽ በገጽ በተራ፤
«ይኼ ገመድ» አለኝ፣ «ሦስት ዓመት አልወጣም፣
ሥራ የፈታ ንብረት በጀት አያመጣም።»
በመስኮቱ በኩል ደቻቱን አሳየሁት፤
ደረቅ አሸዋ ነው፣ ፍየል የተኛበት፣
ልባሽ ጨርቅ ተዘርግቶ ሰው የሚከራከርበት።
«ይኼ ወንዝ ነው» አልኩት።
«ውሃውስ?»
«ገና ተራራው ላይ ነው፤
እሱን ነው የምንጠብቀው።»
ሳቀና ፈረመ።

የድሬ ሰማይ ግን አያስጠነቅቅም፣
ጥርት ብሎ ያድራል፣ ክፋቱን አያውቅም።
ኮከብ እንደ ማሽላ ተበትኖ እያለ፣
ደንገጎ ላይ ዝናብ ቋጥኝ እያንከባለለ፣
በሌላ አገር ሰማይ በዘነበው ጣጣ
ደረቁን መንደር ጎርፍ «ክፈል» ሊለው መጣ።

ስለዚህ ዓይናችን ከላይ ነው፤ ሙሜ ዩያ።
ከጫት ማሳው ግርጌ፣ ከሸለቆው አፋፍ፣
በኖራ የቀባናቸው ሦስት ድንጋዮች አሉት።
አንደኛው ሲሰጥም ሽርጡን ያጠብቃል፣
ሁለተኛው ሲሰጥም ስልኩን ይፈልጋል።
ያን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ፦
«ዘርጋው፣ ሦስተኛውም የለም፣
አጥሬም የለም፣
አሁን የወሬ ጊዜ አይደለም።»

አርባ ደቂቃ። ቢበዛ።
ሮብሌ ሞተር አስነሳ፣ ሸምሲያ ቃሬዛ ጫነች፤
ማጉያዋን አነሳሁ፣ ተጫንኳት፣ ዝም አለች።
ቅዳሜ ለሠርግ ተውሰዋት ስትዘፍን አምሽታ፣
ባትሪዋን ጨርሳ ገብታለች እሑድ ማታ።
ፈርሜ የሰጠሁ እኔ ነኝ።
እኔው ነኝ።

ሸምሲያ እኔን አልጠበቀችም።
መስጊዱን አንኳኩታ ሙአዚኑን አስነሳች፤
ያለ ሰዓቱ ማይኩ ጮኸ፣
«ከአሸዋው ውጡ!» አለ በኦሮምኛ፣
በሶማልኛ ደገመ፣ ሠለሰ በአማርኛ፤
ከማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተቀበለው፣
ሮብሌ በፊሽካ፣
እኔ በድንጋይ የሰው በር እየቀጠቀጥኩ።
ኩሊው፣ ጠባቂው፣ ለማኙ እየተጎተተ ወጣ።
አንዱ «ሐብሐቤስ?» ቢል፣
«ይዋኝ!» አለው ሮብሌ።

ከድልድዩ ሥር ግን አንድ ሰው አልነቃም፤
ካርቶኑ ላይ ተኝቷል፣ ጆሮው አይሰማም።
ማይኩም፣ ደወሉም፣ ፊሽካውም ለሱ አይደለም።
ለሱ የቀረው ገመድ ነው።
ሮብሌ ወገቡን አሰረ፣ ወረደ፤
መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የደጋ አፈር ሽታ፣
ቀጥሎ ድምፁ፣ እንደ ጭነት ባቡር፣
ከዚያ እሱ ራሱ።
ሳብን። ገመዱ በድልድዩ ብረት ተገዘገዘ፣
እጃችን ተላጠ፣ ሳብን፣
ሁለቱ ጭቃ ሆነው ጠርዙ ላይ ሲወድቁ
በጠሰ።

ጠዋት ሰው ተቆጣን፦ «ለዚህ ነው የቀሰቀሳችሁን?»
ጎርፉ የወሰደው ሐብሐብ፣ የሁለት ሱቅ ሸራ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፤
ሬዲዮው «ጉዳት አልደረሰም» ብሎ አለፈው፣ በአንዲት መስመር።

ቅጹን ሞላሁ።
የወጣ ገመድ፦ አሥራ ሁለት።
የተመለሰ፦ አሥራ አንድ።
ምክንያት፦ ቦታው ጠባብ ነው፣ ከሁለት ቃል አያልፍም።
«ሰው ነበረበት» ብዬ ጻፍኩ።

ገመዶቹን አጥቤ ጣራው ላይ አሰጣሁ፣
ቤት ሄጄ ከሬዲዮኔ ስድስት ባትሪ አወጣሁ።
«ዛሬ ኳስ አለ እኮ!» አለኝ ልጄ፤ ዝም አልኩት።
ተመልሼ ማጉያዋን ደቻቱ አፋፍ ላይ ሞከርኳት፦
«አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት።»
ፍየሎቹ ቀና ብለው አዩኝ።