አራት መቶ ቃል

ትርሲት ደወለች፤ «ለዓርብ ይድረስ» አለች፤
«ገጹን ማስታወቂያ በልቶት አንዲት ጥግ ቀረች።
አራት ልቦለድ ነው፣ አራት መቶ ቃል፤
ለያንዳንዱ መቶ። ዘንድሮ ይኼም ተገኝቶ ነው፤ ይበቃል።»

ከብሔራዊ ቴአትር ጎን፣ ከግንቡ ሥር፣
ልሳኑ መጽሐፉን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ራሱ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ሰማይ ሲመረምር
አገኘሁት። «አዲስ የወጡትን» አልኩት። በጥቁር ፌስታል
አንድ ባንድ ከተተ፤ «ይኼ ይነበባል፣
ይኼ ይሸጣል፣
ይኼ ሁለቱንም እንጃ» ብሎ ሣቀ፤
አራተኛውን ግን ዝም ብሎ ጨመረ፤ ዋጋም አልጠየቀ።

አንደኛው ወንጀል ነው፤ ሽፋኑ ላይ ጩቤ፣ ጩቤው ላይ ደም አለ፤
ገዳዩን ገጽ ሠላሳ ላይ ያዝኩት፤ መርማሪው ግን ገና
ሲጋራ ለኮሰ፣ በመስኮት ዝናብ አየ፣ ሦስት መቶ ገጽ ዋለ።
ግን አንድ የታክሲ ረዳት አለ፣ ምስክር፣
የሰው መልስ እየቆጠረ ሲናገር
ሳንቲሙ ይሰማል፤
ለእሱ ብቻ ስል አንድ ኮከብ ጨምሬያለሁ፤ ደራሲው ያየዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ነው፤ ስድስት መቶ ገጽ፣ ጠንካራ ልባስ፣
ሰዉ ሁሉ እንደ አዋጅ የሚናገርበት፣ በነጋሪት የሚያነጥስ።
«ስሚኝ አንቺ ብፅዕት» ይላታል ሚስቱን፣ ጨው ሲጠይቃት፤
እኔ እሷን ብሆን ስኳር ባቀበልኩት።
ሰነድ ተገላብጧል፤ የግርጌ ማስታወሻው ራሱ ያልበዋል፤
አቧራውን አየሁ፤ ሰውዬው የታል?

ሦስተኛው የመጪ ዘመን ነው፤ ጸሐፊዋ ሃያ ሦስት ዓመቷ፤
ባቡር በሰማይ ይሄዳል፤ ሮቦት ናት ጎረቤቷ፤
ከመስቀል አደባባይ ሥር ባሕር ተቆፍሯል፤
መብራት ግን ይጠፋል።
እዚያ ጋ ብቻዬን ሣቅሁ፤ ካፌው ሁሉ ዞረ፤
አስተናጋጁ የጠራሁት መስሎት ሒሳቤን ደመረ።
ሆሄ ትገድፋለች፤ «ሀ»ንና «ኀ»ን እንደ መንታ ታምታታለች፤
ይሁን። ይህች ልጅ ታያለች።

አራተኛው ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ሥዕል የለው፤
የደራሲው ስም አንዲት ፊደል ናት፤ እሷንም ማኅተም ሸፈነው።
ፍቅር ነው፤ ዶሮ ማነቂያ፤ በረንዳ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ፣
ማታ ማታ ጄሪካን ይዞ ቧንቧው ጋ የሚቆም አንድ ወንድ፣
ወረፋውን ለሰው እየለቀቀ፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ተሰላፊ።
ይኼው ነው። አይጋቡም፤ አይጣሉም፤ ማንም አይሞትም፤
ሠፈሩ ሲፈርስ እሷ ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም ትሄዳለች፤
እሱ የት እንደገባ መጽሐፉ አይናገርም።
«ሴራው ልል ነው» ብዬ ጻፍኩ። «መጨረሻው ችኩል።»
እውነቴን ነው። ግን ሌሊቱን ያ ጄሪካን ጆሮዬ ላይ
ሲንጠባጠብ አደረ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል።

ሐሙስ ገንዘቡን ይዤ ሄድኩ። ልሳኑ ላስቲኩን ያጥፋል፤
የአራተኛውን አልቀበል አለ፤ ሌላ ጊዜ ለአምስት ብር አብሮኝ ይሟገታል።
ብቻ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ አድርጎ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚያወራ፣
«ገጽ ሰባ ሁለት ላይ ግድፈት አለ» አለኝ።
«ከበሯ እስከ ቧንቧው አሥራ አራት እርምጃ ይላል፤
አሥራ አምስት ነው። አደራ።»

ቸርችልን ሽቅብ ወጣሁ፣ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ፤
ዶሮ ማነቂያ የነበረው ጋ ስደርስ ቆምኩ ፈዝዤ።
በሩ የለም። ቧንቧው የለም። የመብራት ምሰሶ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሣር፤
«አትርገጡ» የሚል ጽሑፍ፤ አጠገቡ ጥበቃ፣ ዣንጥላ ሥር።
በሯ ይኼ ነበር ብዬ ገመትኩና ጀመርኩ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣
አሥራ አራት፣
ፊሽካ ተነፋ። «ወንድም! ሣሩን!»
አንድ እግሬን አንሥቼ ቀረሁ፤
አሥራ አምስተኛውን ሳልረግጥ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ማታ ቆጠርኩ፤ ዘጠና አንድ ቃል፤ ዘጠኝ ይቀረኛል።
«ሴራው ልል ነው» ያልኩትን አላነሣሁም፤ ልል ነው፤ ደራሲውም ያውቃል።
ከግርጌው ብቻ ጨመርኩ፦
«በሁለተኛው እትም፣ ገጽ ሰባ ሁለት፣ እርምጃው አሥራ አምስት ይባል።»