ሰማዩ እስኪከፈት

የመንደራችን ጤና ረዳት እኔ ነኝ፤
አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ የሚቆራረጥ ስልክ ያለኝ።
ስሜ አግራፊና። ሐኪም በዓመት ሁለቴ ይመጣል፣
እሱም ሰማዩ ከፈቀደ፤ ካልፈቀደ ይቀራል።

ወንድሜ ዋስካ ሃምሳ አንድ ዓመቱ፤
በኩስኮኩዊም ወንዝ ዳር መረቡና ጀልባው ሀብቱ።
"የታመመ ይመርመር፤ እኔን ምን ነካኝ?" አለኝ፣
ጣት የምታክለውን ብልቃጥ ሳቀብለው ሳቀብኝ።
"ዓይነ ምድሬን ደግሞ በአውሮፕላን ላሳፍር?
ለሱ ሲሆን ቲኬት አለ፣ ለኔ ሲሆን ብድር!"

አባታችንን አነሳሁበት።
ከምድጃው አጠገብ፣ በዚያው ሕመም፣ ያ የተኛበት አልጋ፤
ሆድ ይፍጀው ብሎ ሲችል፣ ሆዱ እሱን ፈጀው።
ዋስካ ዝም አለ። ብልቃጧን ኪሱ ከተተ።
በነጋታው በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሳት፣ ዓይኔን ሸሽቶ።

ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ።
ሰኞ ጉም። ማክሰኞ ጉም። ረቡዕ ንፋሱ በረዶ እየነዳ።
ሐሙስ አብራሪው ከቤቴል ደወለ፦ "ነገን እንይ፣ አግራፊና።"
ብልቃጧ ከልጆቹ ክትባት ጎን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆማ፣
የዋስካን ስም ተሸክማ፣
ቀኗ አለፈ።
"ናሙናው ቆይቷል፤ እንደገና ይላክ" ተብሎ ተጻፈ።

ሁለተኛዋ ደረሰች። ደም አለ አሉ።
በዓይን ለማይታይ ደም፣ ስንት ሰማይ፣ ስንት ወንዝ በመሀሉ!

ቀጠሮው ከአምስት ወር በኋላ፤ አንኮሬጅ፣ ካሜራው ያለበት ክፍል።
ከዚያ የደወለችው ሴት፣ ድምፅዋ የሚያባብል፣
"ዋዜማውን አራት ሊትር ይጠጣ፤ አንጀቱ ንጹሕ ይሁን፤
ከመታጠቢያ ቤቱ አይራቅ እንጂ ቀላል ነው" አለችን።

ቀላል ነው።
የኛ ቤት ቧንቧ የለውም፣ እመቤት፤
ያለን ከመጋረጃ ኋላ አንድ ባልዲ ነው፣
በረዶ ረግጠን ወስደን የምንደፋው።
አውሮፕላኑም ስድስት ወንበር እንጂ ሌላ የለው።
ይህን አልነገርኳትም። "እሺ" አልኩ።
እሺ ማለት ለምዶብኛል።

ዋስካ ጠጣ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ ጨው ጨው የሚል።
ሴት ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርገው ከፈቱ፤
አባታቸው እንዳያፍር፣ ሕጉን የማያውቁትን ጨዋታ
ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩለት እስከ ንጋቱ።

ጎህ ሲቀድ ማኮብኮቢያው ዳር ቆምን። ባዶ ሆዱን፣ አንጀቱን አስሮ።
ሞተሩን ሰማነው። ከጉሙ በላይ አንዴ ዞረ፣
ደግሞ ዞረ፤
ድምፁ እየሳሳ ወደ ቤቴል በረረ።

"ያ ሁሉ አራት ሊትር!" አለ ዋስካ። ልስቅ ነበር።
ፊቱን ሳየው ግን አባታችን ቆሞ ነበር።

ለጨካኝ ሰው አንጀት የለውም ይባላል። ማንን ልበል?
አብራሪው ደግ ነው። ሴትዮዋም ደግ ናት። ጉሙም ጉም ነው።
ግን ካሜራውን እዚያ፣ አንጀቱን እዚህ ያደረገው ማን ነው?

አዲሱ ቀጠሮ ለሐምሌ ወጣ፣ ሳልሞኑ ወንዙን በሚሞላበት ሳምንት።
"ክረምቱን ምን ልንበላ ነው?" አለ።
መረቡን እኔ እጥላለሁ አልኩት። አላመነኝም።

ዛሬ መሳቢያውን ከፈትኩ። አንዲት ብልቃጥ ቀርታለች።
አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።
የሰው ስም ስጽፍበት የኖርኩትን እስክሪብቶ አንስቼ
አግራፊና ብዬ ጻፍኩባት።
ከዚያ በመስኮቱ ወደ ላይ አየሁ።