መመለሻ

ኮምቦልቻ ላይ፣ ከቦርከና ድልድይ ወረድ ብሎ፣
ሞተሩ ጆንያ ላይ ተኝቷል፣ ሆዱን ገልጦ ጥሎ።
ፊያት ሺ መቶ ነው፣ የድሬሰር መኮያ፣
መድኃኒት ያዞረ ገበያ ለገበያ።
ልጁ ናት፣ ዘነቡ፣ አስገፍታ ያመጣችው፣
«አባቴስ አይነሳም፣ እሱን አንሱልኝ» ብላ የሰጠችው።

እኔ ካቴናውን በናፍጣ ሳጥበው፣
ጋሽ እብሬ በጣቱ ክዳኑን ዳበሰው።
ውስጡ ተሸንትሯል፣ ሰንሰለት የላሰው፣
ረግቦ ረግቦ ብረት የቀመሰው።
«እዪው» አለኝ፤ «ካቴና ሲጠማ ይረዝማል፣
እንደ ሰው አይከሳም፤
ይላላል፣ ያንኳኳል፣ ግድግዳ ይልሳል፣
ጠማኝ የሚል ቃል ግን ካፉ አያነሳም።»

የዘይቱ መምጫ፣ ከመርፌ ዓይን የጠበበች፣
ከፊት ብሮንዚና ጎን፣ ጥላሸት ውጣ ተደፍናለች።
ከፍሪሲዮን ገመድ አንዲት ክር መዝዤ፣
ጠራረግኳት ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ።
ናፍጣው ተፈናጥሮ አገጬን ሲያርሰኝ፣
«በቃ፣ ይጠጣ!» አልኩኝ፤ የጨረስኩ መሰለኝ።

ጋሽ እብሬ ሳቀ።
«ማጠጣቱንማ ማንም ያውቅበታል፤
ሰአዳ፣ የጠጣው በየት በኩል ይወጣል?»

ክዳኑን መለሰ፣ በሁለት ቡሎን አሰረ፤
በሳርዲን ቆርቆሮ ዘይት ቀድቶ፣ ከላይ አንቆረቆረ፤
ከታች ኮፓው አፍ ላይ ጆሮውን ቀሰረ።
ጠበቅን።
የባጃጅ ጥሩንባ፣ የፋብሪካው ፉጨት፣
የዙህር አዛን አለፈ፣
ከታች ጠብታ የለም፤ ከላይ ሞልቷል ዘይት።

ላሜራውን ፈታን። ከጀርባው የተጣበቀ ጓርኒሲዮን፣
በእጅ የተቆረጠ፣ ከካርቶን።
ሁሉም ቀዳዳ አለው፤ የቡሎኑ፣ የውሃው፤
አንዱ ብቻ ድፍን ነው፤ የዘይት መመለሻው።

በቢላ ጫፍ አነሳው። ገለበጠው። ዝም አለ።
የዕርዳታ ካርቶን ነው፤ የስንዴ ዘለላ ግማሹ የተሳለ።
ጥጉ ላይ በእርሳስ፦
«እ. ጥቅምት፣ ሰባ ሰባት።»
የማን ፊደል እንደሆነ አልጠየቅኩት።

«ሌሊት ነበር» አለ። «በፋኖስ ነው የቆረጥኩት፣
ወረቀት ከየት ይምጣ፣ ያገኘሁትን ቀደድኩት።
መኮያ ግሉኮስ ጭኖ፣ ራሴ ላይ ቆሞ፣
"ቶሎ በል እብሬ፣ ሐይቅ መንገድ ላይ ሰው አለ" እያለ፤
መቀሴ አንዷን ዘለለ።»

ከዚያ ወዲህ ይኸው መኪና፣ ባደረበት ሁሉ ጥቁር ጥሎ ይሄዳል፤
«ፓራዮሊዮው ነው» ብሎ ጋሽ እብሬ ስንቴ ቀይሮበታል፣
ስንቴም ተከፍሎበታል።
መኮያ አንድ ቀን ክፉ አልወጣውም፤ ማታ ማታ
ከሥሩ ካርቶን ያነጥፍለታል።

«ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤
«ከአሰብ ይመጣል፣ ይመጣል፣ መጋዘኑ ይሞላል፤
ወደ ታች የሚወርድበት...»
ጨርቁን አጠፈው። ያጠፈውን መልሶ ዘረጋ።

አዲሱን እኔ ቆረጥኩት። በጥይት ቀለሃ
መትቼ በሳሁት፤ ያቺን ቀዳዳ መጀመሪያ፣
ሌሎቹን ከዚያ ኋላ።
ነጥብን ከነጥብ ገጥመን፣ ዘይት የጠጣ ካቴና አልብሰን፣
ክዳኑን ዘጋን፣ ቡሎኑን በተራ አጥብቀን።

ቆርቆሮውን አነሳ። አንቆረቆረ። ጎንበስ አለ።
ጠብ።
አንዲት ዝንብ ኮፓው ጠርዝ ላይ ዞረች።
ጠብ።
ከዚያ መስመር ሠርቶ ወረደ፣ ቀጭን፣ ወርቅማ፣
ድምፁ እንኳን በቅጡ ሳይሰማ።

«አብሽሪ» አለኝ፤ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።
አሮጌውን ካርቶን አጥፎ ከኮፍያው ሥር ከተተው፣
የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አሻግሮ አየው።
ነገ ዘነቡ ትመጣለች።
ሒሳቧን እንዴት እንደሚነግራት እያሰበ ይመስለኛል፤
ወይ ደግሞ የድሮውን
በየት በኩል እንደሚመልስላት።