ፊደል በእግሬ

ኅዳር መባቻ ላይ ሊፍታችን አቃስቶ ቆመ፤
የሕንፃው ጠባቂ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ፈረመ።
ባዝል ጭጋግ ለብሳ፣ ራይን ከድልድዩ ሥር ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል፤
አረንጓዴው ትራሜ ዴፖ ገብቶ ያርፋል፤
እኔ ግን ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጬ ውዬ
ደረጃውን አየሁት፣ ቀና ብዬ፣ ቀና ብዬ።

ማክሰኞ ዕለት ሐኪሟ የደሜን ወረቀት አይታ፣
«ስኳርህ ደፍ ላይ ቆሟል» አለችኝ፣ ድምፅዋን ገታ።
«አልገባም፤ ግን በሩን እያንኳኳ ነው» —
እሷ ስለ ስኳር፣ እኔ የገባኝ ስለ አንድ ሰው።
ኪሴ ውስጥ ቸኮሌት ነበረ፣ ግማሹ የተበላ፤
ትራም ስጠብቅ ጨረስኩት፣ ከዚያ በኋላ።

ኀምሳ ስድስት ደረጃ፣ ከመንገድ እስከ ደጄ፤
የመጀመሪያውን ማታ የወጣሁት በእጄ፣
መደገፊያውን እየጎተትኩ፣ እግሬን እንደ ጆንያ አንጠልጥዬ፤
ቁጥሩ መሃል ላይ ጠፋብኝ፣ «ስንት ቀረኝ?» ብዬ ብዬ።
ቁጥር ያስጨንቃል፤ ቁጥር የደመወዝ ነው፣ የኪራይ፣ የዕድሜ፤
እንዲያው ድንገት «ሀ» አልኩ፣ አንደኛው ላይ ቆሜ።

ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ...
ሆ!

ስድስተኛው ላይ ትንፋሽ ይታፈናል፣ ሳድስ ነውና፤
ሰባተኛው ላይ አፍ ክብ ይሆናል፣ ደረትም ይላል ቀና።
ይህን ፊደል የደረደረ ሊቅ፣ የትም ይኑር የት፣
ዳገት ሲወጣ ነው ያሰበው፣ ቆሞ እፎይ ባለበት።
አንደኛ ፎቅ «ሎ»፣ ሁለተኛው «ሞ»፣ ሦስተኛው «ሮ»፣
«ሾ» ላይ ቁልፌን አወጣለሁ፣ ልቤ እንደ ከበሮ።
ያን ሰሞን ግን «ሙ» ላይ ነበር የምሸነፈው፣
ግድግዳ ደግፎኝ፣ ላቤ ጃኬቴን ሲያርሰው።

እዚያው «ሙ» ላይ አገኙኝ ፍራው ቱርንሄር፣
ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ድንች ይዘው፣ ወተት ጭምር።
«ምን ያጉተመትማሉ? ጸሎት ነው?» አሉኝ፤
«ፊደል ነው» ስላቸው፣ ድንቹን አሸከሙኝ።
ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ፣ እታች እኔን ጠብቀው፣
«ሀ» ይላሉ በባዝል ለዛ፣ ጉሮሯቸውን ፍቀው።

ታኅሣሥ ሲጋመስ «ረ» ድረስ ወጣሁ ሳልቆም፤
ሻዬ ውስጥ ሦስቱ ስኳር አንድ ሆነ፤ ምላሴ አኮረፈ፣ ግን አልሞተም።
ስልኬ ከትራሴ ሥር ተነሥቶ ጫማ መደርደሪያው ላይ አደረ፤
እንቅልፍ፣ ያ የራቀኝ ዘመዴ፣ ሳይጠራ መምጣት ጀመረ።
ደግሞ ያላሰብኩት — «ሐ» እያለ የሚወጣ አእምሮ
የነገን ፈረቃ፣ የትናንትን ጠብ የሚያኝክበት ጊዜ የለው እንደ ድሮ።

አንድ ምሽት ግን —
ጥር ላይ፣ ሊፍቱ በተጠገነ ማግሥት፣
ተሳፋሪ ሰድቦኝ፣ ሐዲዱ በረዶ ይዞት፣ ደክሞኝ፣ ሌሊት፣
ሊፍቱ በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ መብራቱ ሞቅ ያለ።
ገባሁ። አራተኛን ተጫንኩ። ማንም ምንም አላለ።
ዳቦ በአይብ፣ ሙሉ ቸኮሌት፣ ስልክ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፤
ጠዋት መስታወቱ ውስጥ ያ አንኳኪ ነበር፣ ዓይኑ ያበጠበት።

«ተበላሸ» አልኩ፤ «አለቀ፤ ኀምሳ ቀን በከንቱ!»
ፍራው ቱርንሄር ጫማ እያሰሩ፣ «ትናንት ያልተጠራው ፊደል የቱ?»
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ በየሰባቱ አንድ ድፍን አለ፣ ድምፅ አልባ፤
ፊደሉ ግን እዚያ አያልቅም፤ ቀጥሎ ሳብዕ አለ፣ አየር የሚያስወጣ፣ የሚያስገባ።

አሁን መጋቢት ነው። ሐኪሟ «ደፉን ለቋል» አለች፣ «ግን ሩቅ አልሄደም»፤
እኔም ሩቅ አልሄድኩ፤ ኀምሳ ስድስት ደረጃ ሩቅ አይደለም።
ሊፍቱ ይሠራል፤ አልጋ ይጭናል፣ ማቀዝቀዣም፤
ጉልበቴ በብርድ ይጮኻል፤ ቸኮሌቱም ከኪሴ ጨርሶ አልጠፋም።
በስድስት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ፣ በአፌ፣ በጣቴ፤
በኀምሳ ሦስት ደግሞ በእግሬ፣ በሳንባዬ፣ በጉልበቴ።

«ሾ» በቃን፤ ዛሬ ማታ የምንጀምረው ከ«ቀ» ነው።
ፍራው ቱርንሄር «ቀ» አይወጣላቸውም፤
«ከ» ይሏታል። ይበሉ።
ደረጃው ልዩነቱን አያውቅም።